አንድ ቤት፣ ሦስት ዓይነት ዋስትና፦ ካልጋሪ የገባ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ

ይህ ጉዳይ ካልጋሪ ውስጥ፣ ፎረስት ሎን አካባቢ በአንድ ቤዝመንት ስለሚኖሩ ሦስት ሰዎች ነው። ወንድም፣ እህት እና እናት። ወንድምየው ካናዳዊ ዜጋ ነው። ኩቤክ ውስጥ፣ ሞንትሪያል ከአሥር ዓመት በላይ ኖሮ ለሥራ ካልጋሪ ወዳለችበት አልበርታ ተዛወረ። እህትየው ናይሮቢ በስደት ቆይታ በቤተ ክርስቲያን ስፖንሰርነት መጣች። እናታቸው ደግሞ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ በሱፐር ቪዛ (ለወላጆች በሚሰጥ የረጅም ጊዜ የጉብኝት ቪዛ) ከአዲስ አበባ መጡ። ሦስቱም የገቡት በአንድ ዊንተር ነው። እንድጽፈው ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውን ግን አልጠራም።

ከሦስቱ የአልበርታ የጤና ዋስትና ቀድሞ የጀመረለት ማን ይመስላችኋል? ይህን ስጠይቅ አብዛኛው ሰው “ዜጋው ነዋ!” ይለኛል። አይደለም። ቀድማ ያገኘችው እህትየው ናት፤ ያውም ከአውሮፕላን ከወረደችበት ቀን ጀምሮ። ዓመታት ግብር ሲከፍል የኖረው ወንድሟ ተራ ጠበቀ። ያመመውም በዚያው ክፍተት ውስጥ ነው።

ለምን እንዲህ ሆነ? ካናዳ ውስጥ “የካናዳ የጤና ካርድ” የሚባል ነገር የለም። የፌዴራሉ መንግሥት በ1984 ባወጣው የካናዳ ጤና አዋጅ መሠረት ለፕሮቪንሶች (ለክፍለ ሀገሮቹ) ገንዘብ ይሰጣል፤ ገንዘቡን ለማግኘት የሚያሟሉትን ነገርም ያስቀምጣል። ካርዱን የሚሰጠውና ሐኪሙን የሚከፍለው ግን ፕሮቪንሱ ነው። ሥርዓቱ ራሱ የተወለደው ከፕሮቪንስ ነው። ሳስካችዋን በ1962 ለሁሉም ነዋሪ የሐኪም ክፍያ መሸፈን ስትጀምር ሐኪሞቹ ሥራ አቁመው ነበር፤ ሌሎቹ የተከተሏት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ኦንታሪዮ የራሱ አለው፣ ኩቤክ የራሱ፣ አልበርታም የራሱ። ፕሮቪንስ ስትቀይሩ አንዱን ትተዋላችሁ፣ ወደ ሌላው ትገባላችሁ። ማንም ተቀብሎ አያሸጋግራችሁም።

አዋጁ አንድ ጣሪያ አለው። የትኛውም ፕሮቪንስ አዲስ ነዋሪን ከሦስት ወር በላይ ሊያስጠብቅ አይችልም። ከሦስት ወር በታች ያለውን ግን እያንዳንዱ እንደ ፈቃዱ ይወስናል። አልበርታ መንገዱን ለሁለት ከፍላዋለች። ከካናዳ ውጭ መጥቶ መኖሪያውን እዚህ ላደረገ ሰው፣ በገባ በሦስት ወር ውስጥ ከተመዘገበ፣ ዋስትናው ከገባበት ቀን ይጀምራል። ከሌላ ፕሮቪንስ ለመጣ ሰው ደግሞ ከገባበት ወር ቀጥሎ ባለው ሦስተኛ ወር የመጀመሪያ ቀን ላይ ይጀምራል። እስከዚያ ድረስ ወጪው የድሮው ፕሮቪንስ ነው። ሐሳቡ ፍትሐዊ ነው፤ ማንም መሃል ላይ እንዳይወድቅ ታስቦ የተሠራ ነው። ወንድምየው ግን ወደቀ ማለት ይቻላል፤ የመጣው ከኩቤክ ስለሆነ።

ወንድምየው ካልጋሪ የገባው ጃንዋሪ 29 ነው። ከሞንትሪያል 3,600 ኪሎ ሜትር ገደማ መኪና እየነዳ። የአልበርታ ዋስትናው ሊጀምር የሚችለው ታዲያ ኤፕሪል 1 ነው። መጀመሪያ አስቦት የነበረው ትንሽ ሰርቶ ፌብሩዋሪ 3 ሊገባ ነበር። እንደዚያ ቢያደርግ ኖሮ ቀኑ ወደ ሜይ 1 ይገፋ ነበር። የአምስት ቀን ልዩነት አንድ ሙሉ ወር ያሳጣል። ዕቃ ጭናችሁ ፕሮቪንስ የምትቀይሩ ካላችሁ፣ ቀኑን መምረጥ ከቻላችሁ፣ በወሩ መጨረሻ ግቡ እንጂ በሚቀጥለው መጀመሪያ አትግቡ። በቅጹ ላይ የገባችሁበትን ትክክለኛ ቀን ነው የምትሞሉት፤ እዚያ ላይ ቀልድ የለም።

ሲደርስ ግን አልተመዘገበም። “የኩቤክ ካርዴ አልተቃጠለም” አለ። እውነቱን ነው፣ የኩቤክ ካርድ ላይ የተጻፈው ቀን ገና ብዙ ይቀረው ነበር። ሥራው ደግሞ ወዲያው ጀመረ፤ ፋታ የለም።

ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ ጎኑን ቀስፎ ያዘው። ወደ አንድ ዎክ ኢን ክሊኒክ (ያለ ቀጠሮ የሚገባበት) ሄደ። እንግዳ ተቀባይዋ ካርዱን አየችና መለሰችለት። የኩቤክ ካርድ አንቀበልም፣ በኪስህ ክፈል። ክፋት አልነበረም። ሌሎቹ ፕሮቪንሶች የሐኪም ሂሳብን እርስ በርስ የሚያወራርዱበት ስምምነት አላቸው፤ የኦንታሪዮ ወይም የማኒቶባ ካርድ ይዞ ቢመጣ ክሊኒኩ ሂሳቡን ወደዚያ ይልክለት ነበር። ኩቤክ ግን በሐኪሞች ክፍያ ስምምነት ውስጥ የለችም። በሆስፒታሉ ስምምነት ውስጥ አለች። ይህን ልዩነት ከኩቤክ የሚወጣ ሐበሻ ሁሉ ቢያውቀው ደስ ይለኝ ነበር፤ የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው።

ከፈለ። ማስታገሻ ታዘዘለት። ፋርማሲ ሲሄድ እዚያም በኪሱ ከፈለ። ኩቤክ ውስጥ የመድኃኒት መድን ግዴታ ነው፤ የሥራ ቦታ መድን የሌለው ሰው የመንግሥቱን ይይዛል። እሱም የመንግሥቱ ነበረው፤ ግን ካልጋሪ ለተገዛ መድኃኒት አይሠራም።

ማታ ሕመሙ ባሰ። አከራዩ ደንግጠው አምቡላንስ ጠሩ። ሆስፒታል ገባ፣ ሲቲ ስካን ተነሳ፣ የኩላሊት ጠጠር ሆኖ ተገኘ። ጠጠሩ ትንሽ ስለነበር በራሱ ወጣለት፤ በማግስቱ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ሆስፒታሉ የኩቤክ ካርዱን ያለ ምንም ጥያቄ ተቀብሎት ነበር። “አየሽ፣ ይሠራል!” ብሎ ናይሮቢ ላለችው እህቱ በስልክ ነገራት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ፖስታ መምጣት ጀመረ። አንዱ ከኢመርጀንሲው ሐኪም ነው። አንዱ ስካኑን ካነበበው ራዲዮሎጂስት። አንዱ የአምቡላንስ። ሆስፒታሉ ማለት አልጋው፣ ነርሱ፣ ማሽኑ ነው፤ እሱ በቀጥታ ወደ ኩቤክ ሄዷል። ሐኪሙ ግን ሂሳቡን ለብቻው የሚልክ ባለሙያ ነው። አምቡላንሱ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። አልበርታ ውስጥ የአልበርታ ካርድ ያለው ሰው እንኳን አምቡላንስ ጠርቶ ሆስፒታል ቢደርስ 385 ዶላር፣ መጥተው አይተውት ቢሄዱ 250 ዶላር ይከፍላል። የሥራ ቦታ ተጨማሪ መድን ካላችሁ እሱ ሊሸፍነው ይችላል፤ የወንድምየው ግን ገና አልጀመረም ነበር። የመሥሪያ ቤቱ መድን የሦስት ወር ሙከራውን ሲጨርስ ነው የሚገባው። ክፍተት ላይ ክፍተት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በደንብ ሠርቷል። እያንዳንዱን ደረሰኝ ይዞ ነበር። ክሊኒኩ ሲያስከፍለው የካርድ ማሽኑን ቁራጭ ወረቀት ብቻ አልተቀበለም። የሐኪሙ ስም፣ ቀኑ፣ የተሠራለት ነገር የተዘረዘረበትን ጠየቀ። ማስመለሻ ቅጹን ሞልቶ ወደ ኩቤክ የጤና መድን ቦርድ ሲልክ ያስፈለገው ያ ነበር። ቦርዱ መለሰለት፤ ግን ኩቤክ ለራሷ ሐኪሞች በምትከፍለው ዋጋ ልክ። አልበርታ ያስከፈለው ከዚያ በላይ ስለነበር ልዩነቱ በሱ ላይ ቀረ። አምቡላንሱንና መድኃኒቱን ጨርሶ አልነኩትም።

እህትየው ማርች 6 ካልጋሪ አየር ማረፊያ ደረሰች። በግል ስፖንሰር የሚመጣ ስደተኛ ሲያርፍ ወዲያው ፒአር (ቋሚ ነዋሪ) ይሆናል። የላንዲንግ ወረቀቷ (ቋሚ ነዋሪ መሆኗን የሚያረጋግጠው ሰነድ) ላይ ማርች 6 የሚል ማህተም አለ። ያ ቀን ለአልበርታ ዋስትናዋ መጀመሪያ ሆነ። ስፖንሰሮቿ ልምድ ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሬጂስትሪ ውሰዷት ብለው ወንድሟን አሳሰቡት።

ለማያውቅ ሰው፣ አልበርታ ውስጥ መንጃ ፈቃድ፣ ታርጋ፣ የጤና ካርድ ምዝገባ የሚደረገው ሬጂስትሪ በሚባሉ የግል ቢሮዎች ነው። ገበያ ማዕከል ውስጥ፣ ከፒዛ ቤትና ከፀጉር ቤት መሃል ታገኟቸዋላችሁ። ምዝገባው ራሱ በነፃ ነው። ወርሃዊ ክፍያም የለም። አልበርታ የጤና ፕሪሚየምን በ2009 መጀመሪያ ላይ አስቀርታዋለች። እስከ ዛሬ “በወር ስንት ይከፈላል?” የሚለኝ ሰው አለ፤ ድሮ የመጣ ዘመድ የነገረው ነው።

ሦስት ነገር ይጠይቃሉ። ማን እንደሆናችሁ፣ ካናዳ ውስጥ በሕግ መኖር እንደምትችሉ፣ አልበርታ ውስጥ እንደምትኖሩ የሚያሳይ ወረቀት። ኮፒ አይሆንም፣ ዋናውን ነው። እህትየዋ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወዲያው አቀረበች፤ የላንዲንግ ወረቀቷና ፎቶ ያለበት የጉዞ ሰነዷ በእጇ ነበር። ችግሩ ሦስተኛው ላይ ነው። የኪራይ ውሉ በወንድሟ ስም ነው። የመብራትና የጋዝ ሂሳብ የሚመጣው ለአከራዩ ነው። በስሟ አንድም ወረቀት የላትም።

ባንክ ሄደው ሒሳብ ከፈቱ። አድራሻዋ ያለበት ወረቀት ታተመላት። ተመልሰው ሬጂስትሪ ሲሄዱ ሠራተኛዋ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጣ ዝም ብላ አየች። ከዚያ “ይቺ ሴትዮ ሌላ ሰው ናት” አለች።

የስማችን ጣጣ ነው። የኛ ሰው ሲጠራ የራሱ ስም፣ የአባት፣ የአያት ነው። ቅጹ ግን የሚፈልገው ፈርስት ኔም እና ላስት ኔም ነው። ላንዲንግ ወረቀቷ ላይ የአባቷ ስም ከራሷ ስም ጋር ተደርቦ በፈርስት ኔም ሳጥን ውስጥ ገብቷል፤ ላስት ኔሟ የአያቷ ነው። የባንኩ ሠራተኛ ደግሞ አያቱን ትቶ የአባቷን ስም ላስት ኔም አድርጎታል። ወንድሟም ሞንትሪያል ሲገባ የአባቱን ስም ላስት ኔም ስላደረገ የባንኩ ወረቀት ከሱ ጋር ይመሳሰላል፤ ወንድምና እህት መሆናቸው ያኔ ደስ የሚል ነገር መስሏቸው ነበር። ሬጂስትሪ ሲደርስ ግን ከላንዲንግ ወረቀቱ ጋር የማይገጥም ወረቀት ዋጋ የለውም።

ባንኩ አስተካከለው። በሚቀጥለው ቀን ተመዘገበች። ዘጠኝ አሃዝ ያለው የግል የጤና ቁጥር ተሰጣት። ካርዱ ቀጭን ወረቀት ነው፣ ፎቶ የለውም፤ የሞንትሪያሉን ባለ ፎቶ ፕላስቲክ የለመደው ወንድሟ “ይቺ ናት እንዴ?” ብሎ ሳቀ። ምክሬ ቀላል ነው። አዲስ የገባ ዘመድ ካላችሁ ከባንኩ ጀምሮ፣ ከስልኩ ጀምሮ፣ የትም ቦታ ስሙ ሲጻፍ ላንዲንግ ወረቀቱን አውጥታችሁ ፊደል በፊደል አስገልብጡ። ስሙ ተሳስቶ ቢሆን እንኳን እንደ ስህተቱ አስጽፉት። ማረም በኋላ በኢሚግሬሽን በኩል የሚሄድ ሌላ ጉዳይ ነው።

ያን ቀን ነው ሠራተኛዋ ወንድምየውን ቀና ብላ አይታ “እርስዎስ ተመዝግበዋል?” ያለችው። አልተመዘገበም። ፓስፖርቱ፣ የኪራይ ውሉ፣ መንጃ ፈቃዱ ቦርሳው ውስጥ ነበሩ። ከየት ፕሮቪንስ መቼ እንደመጣ፣ የድሮው የጤና ቁጥሩ ስንት እንደሆነ ጠየቀችው። ከዚያ ኤፕሪል 1 የሚል ቀን ነገረችው። “ዜጋ ነኝ እኮ” አለ። “እሷስ?” ብሎ እህቱን አሳየ። ሠራተኛዋ የምትመልሰው ብዙ አልነበራትም፤ እሷ ከውጭ ነው የመጣችው፣ እርስዎ ከኩቤክ።

በዚያ ቅጽበት ያለው ስሜት ይገባኛል። ግን ሥርዓቱን በሱ ቦታ ሆኖ ብቻ ማየት አይቻልም። እህቱን ከኋላ የሚሸፍናት ሌላ ፕሮቪንስ የለም፤ ቢያስጠብቋት ባዶ እጇን ትቀር ነበር። እሱ ወረቀት ላይ ኩቤክ አለችው። ወረቀት ላይ ያለችው ኩቤክ ካልጋሪ ክሊኒክ ውስጥ አለመኖሯ የአልበርታ ጥፋት አይደለም። ከኩቤክ ለምትወጡ ሰዎች የምለው ይህን ነው፦ ከመውጣታችሁ በፊት ለነዚያ ሁለት ሦስት ወራት የሚሆን የጉዞ መድን ጠይቁ፤ ዋጋው ከአንድ የአምቡላንስ ሂሳብ ጋር ሲወዳደር ብዙ አይከብድም። መውጣታችሁንም ለኩቤኩ ቦርድ አሳውቁ። አልበርታ እንደገባችሁም በዚያው ሳምንት ተመዝገቡ። ቀኑ ባይፈጥንላችሁ እንኳን ቁጥሩ ተዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል።

እህትየዋ ሌላም ነገር አላት። እንደሷ የመጡ ስደተኞች ከፕሮቪንሱ በላይ የፌዴራሉ ጊዜያዊ የጤና ፕሮግራም አላቸው። አልበርታ የማይሸፍነውን ነው የሚነካው፤ መድኃኒት፣ መነጽር፣ አስቸኳይ የጥርስ ሕክምና የመሳሰሉትን፤ ስፖንሰርሺፑ እስካለ፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ዓመት። የሚሸፈነው ዝርዝርና ከኪስ የሚጨመረው ነገር ስለሚቀያየር በዚያን ሰዓት ያለውን ጠይቁ። ጥርስ ሐኪም ቤት የገጠማትን ግን ልንገራችሁ። ይህን ፕሮግራም የሚያስተዳድረው ሜዳቪ ብሉ ክሮስ ነው። አልበርታ ውስጥ ደግሞ አልበርታ ብሉ ክሮስ የሚባል፣ ብዙ ሰው የሥራ መድኑን የያዘበት፣ ሌላ ድርጅት አለ። “ብሉ ክሮስ አለኝ” አለች። እንግዳ ተቀባይዋ ኮምፒውተሩ ላይ ፈለገች፣ የለሽም አለቻት። ወደ ቤት ልትመለስ ስትል ስፖንሰሯ ደውላ “ሜዳቪ በያት፣ ወረቀትሽን አሳያት” አለቻት። ሐኪም ቤቱ በፕሮግራሙ የተመዘገበ ስለነበር ተሳካ። ያልተመዘገበ ከሆነ አይሠራም፤ ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ጠይቁ።

እናታቸው የገቡት ማርች መጨረሻ ላይ ነው። አዲስ አበባ በወረዳቸው በኩል የማኅበረሰብ ጤና መድን አባል ናቸው፤ በዓመት አንዴ ተከፍሎ ቤተሰቡ በአንድ ደብተር ይታከማል። እዚህም እንደዚያ መሰላቸው። “እኔን በናንተ ላይ ደርባችሁ አታስመዘግቡኝም?” አሉ። ልጆቹ ተያዩ።

አይሆንም። ሱፐር ቪዛ ጎብኚ ያደርጋል፣ ነዋሪ አያደርግም። በአንድ ጊዜ እስከ አምስት ዓመት መቆየት ቢፈቀድም የአልበርታ ዋስትና አያስገኝም። ለዚህ ነው ቪዛው ሲጠየቅ ቢያንስ 100,000 ዶላር የሚሸፍን፣ ከገቡበት ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት የሚሠራ የግል መድን የሚጠየቀው። ወንድምየው ገዝቶላቸው ነበር። ግን ሲገዛ ያነበበው ዋጋውን ነው።

እማማ ግፊት አለባቸው። ብዙዎቹ እነዚህ የግል መድኖች ነባር በሽታን የሚሸፍኑት “የተረጋጋ” ከሆነ ብቻ ነው። መድኑ ከመጀመሩ በፊት፣ ውሉ በሚለው ጊዜ ውስጥ ሐኪም የመድኃኒቱን መጠን ከለወጠ፣ ሕመሙ አልተረጋጋም ተብሎ ከዚያ ጋር የተያያዘ ወጪ ሊከለከል ይችላል። ለእማማ አዲስ አበባ ከመነሳታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ሐኪማቸው “ለመንገዱ” ብሎ ክኒኑን ጨምሮላቸው ነበር። ደግ ሐሳብ ነው። በመድኑ ዓይን ግን መጠኑ ተለውጧል። ይህን ያወቁት የውሉን ወረቀት ቁጭ ብለን አብረን ስናነብ ነው። እማማ መነጽራቸውን አድርገው አጠገባችን ተቀምጠዋል፤ እንግሊዝኛ አያነቡም፣ የክኒናቸውን ፓኬት ግን እንደ ማስረጃ ጠረጴዛው ላይ አሰልፈውታል።

ልጁ መድን ሻጩን ደውሎ ነገሩን በግልጽ አስረዳ። ሻጩ እንደነገረው ግፊቱ የተረጋጋ የሚባለው መድኑ ከመጀመሩ በፊት የውሉ ጊዜ መጠኑ ሳይቀየር ካለፈ ነው፤ ውሉ ላይ የተጻፈው 180 ቀን ነው። ከግፊት ጋር ያልተያያዘ አደጋ ግን፣ ስብራት ወይም ሳንባ ምች የመሰለ፣ ይሸፈናል። ልጆቹ የክኒኑን ክምችት ከአዲስ አበባ አስላኩ፣ የግፊት መለኪያ ገዙ፣ ማታ ማታ ይለካሉ። ነርስ ለማነጋገር 811 ይደውላሉ፤ ነፃ ነው፣ አስተርጓሚም ይገኛል።

ኤፕሪል 1 ሲደርስ ወንድምየው የቤተሰብ ሐኪም ፍለጋ ጀመረ፤ ለሱም ለእህቱም አዲስ ታካሚ የሚቀበል ክሊኒክ በዚያው በሠፈራቸው ተገኘ። አሁን ሌላ ጥያቄ ይዞ መጥቷል። በሚቀጥለው ዓመት ለእረፍት አዲስ አበባ ረዘም አድርጎ መቆየት ያስባል። አልበርታ ዋስትናውን የምትጠብቅለት በ12 ወር ውስጥ ቢያንስ 183 ቀን እዚህ ከተገኘ ነው። የመሄጃና የመመለሻ ቀኑን ቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት እያደረገ ሲቆጥር አየሁት፤ ትኬቱን ገና አልቆረጠም።